ሽታዬ ምን አለች?

ሶዶ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእናቴ እኅት ልጅ ለጋሼ ባዳቾ፤
ኢሲዮሎ፣ ኬንያ።

እንደምን ከረሙ? እንደ ቤታችን ቋንቋ፣ ሳሮ፣ በሰላም ነዎት ወይ? ክረምቱን በላያችን ያሳለፈ አምላክ እርስዎንም በሰው አገር ፀሐይ ሳያቃጥል ያኑርልኝ። እኔ ለነፍሴም ለሥጋዬም እርሱ ይመስገን አለሁ።

ባለቤቴ አስካለች ካረፈች ወዲህ አንድም ወረቀት አልላክሁም። ጠልቼ አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር «ጋሼ ባዳቾን በእኔም ስም ሰላም በልልኝ፤ ደግሞ አትርሳ» የምትለው ድምፅዋ ይመጣብኝና ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አሁንም እዚያው አናጢነቱ ላይ ነኝ። ለጸሎት ቤቱ አግዳሚ እሠራለሁ። ከዳሞት ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፍቅፋቂውን እየበተነ ሲያስቸግረኝ እርስዎ ትዝ ይሉኛል። ከዱቦ እስከ ሶዶ ገበያ እንጨት ተሸክመን ስንመጣ ያንን ነፋስ በስድብ ያስተናግዱት ነበር።

የዘመዳችን የእትዬ ጥሩወርቅ ድግስስ ትዝ ይልዎታል? በትከሻ ተሸክመዋት የገቡ ዕለት፣ ያ ዘፈን፣ ያ ሁሉ ሥጋ! እኛ ልጆቹ እስኪያቅተን በላን። እርስዎ ብቻ ጥግ ይዘው ምንም አልቀመሱም፤ ሆድዎን ታመው ነበር መሰለኝ። ያን ጊዜ ጠለፋ ለእኛ ዘፈንና ሥጋ ነበር። ዛሬ በእኔ ቤት ሌላ ሆኖ መጣ።

ልጄ ሽታዬ፣ ትንሽ ሆና በፎቶግራፍ የላክሁልዎ፣ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ልትገባ ነበር። በነሐሴ እኅቴ ብርነሽ ዘንድ ወደ ተበላ ከተማ ከገበያተኞች ጋር ላክኋት። መንገድ ላይ የሁምቦው ባለ ከብት የአቶ ዳልጮ ልጅ ጩማ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ወሰዳት። ከዚህ በፊት በገበያ አይቷት ኖሯል። የሆነባትን ሁሉ ለመጻፍ እጄ እምቢ ይለኛል፤ እርስዎ የችሎት ሰው ስለሆኑ ይገባዎታል።

ወዲያው ሽማግሌ ላኩብኝ። አንዱ፣
«ኤርካሎ፣ ያለቀ ነገር ነው። ጥሎሹን ንገረንና ፊትህን ፍታው» አለኝ።
«ጸልዬ እመልስላችኋለሁ» አልሁት።
«እኛ የመጣነው ወደ አንተ ነው እንጂ ወደ እግዚአብሔር አይደለም!» ብሎ ሌሎቹን አሣቃቸው።

ሄጄ ከሰስሁ። የችሎቱ ጸሐፊ ደግ ሰው ነው፤ ከአዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አነበበልኝ። ጠላፊ እስከ ሦስት ዓመት ይታሰራል። አስገድዶ የደፈረ እስከ ዐሥር ዓመት። ነገር ግን ልጅቱ በነጻ ፈቃድዋ ሕጋዊ ጋብቻ ካደረገች ክሱ ይቀራል አለኝ። ሁለቱም። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደ ተጣደፉ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ ባሉበት አገር ሕጉ ምን ይላል? የሱዳኑስ፣ የሶማሌውስ? ጎረቤቶቻችን ይህን ነገር በምን ሚዛን እንደሚመዝኑት ማወቅ ፈልጌአለሁ። ፖሊስ ሊያመጣት ነው፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ዘገየ። እስከዚያ በጸሎት ያስቡን።

ታናሽዎ ኤርካሎ


ኢሲዮሎ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ወንድሜ ኤርካሎ፤

ሰላም ለአንተና ለቤትህ። ደብዳቤህ በአዲስ አበባ በናይሮቢ ዞሮ፣ ከዚያ በጭነት መኪና አቧራ ጠጥቶ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ደረሰኝ። አስካለችን ነፍስዋን ይማር። ልጅህን ደግሞ ሳላውቃት አዘንሁላት።

ሕግ ጠይቀሃል፤ ልንገርህ። ግን እኔ ዳኛ እንዳይደለሁ እወቅ። በጣልያን ጊዜ በስደት የገባሁ፣ ቋንቋ ለቃቅሜ የዳኛ ምላስ ሆኜ የቀረሁ ሰው ነኝ።

በኬንያ ሕግ ሴት የደፈረ በወረቀት ላይ እስከ ዕድሜ ልክ ይታሰራል። ያለ ፈቃድዋ ሊያገባት የጠለፈ እስከ ሰባት ዓመት። ኋላ ብትጋባውም ባትጋባውም ክሱን የሚያስቀር ቃል የለበትም። ይህን አንብበህ «ታድለው!» እንዳትል። ዳኞቹ የልጅቱን ቃል ብቻውን አያምኑትም፤ ሌላ ማስረጃ ከጎኑ ይፈልጉለታል። ጠበቃው ደግሞ ይነሣና «ለምን አልጮኽሽም? ምን ለብሰሽ ነበር? ከዚያ በፊት ስቀሽለት አታውቂም?» ይላል። ያን ሁሉ ወደ ቦረንኛ የማዞረው እኔ ነኝ። አንዳንዱን ጥያቄ ሳዞር አንገቴን እደፋለሁ፤ ልጅቱ ጥያቄውን የፈጠርሁት እኔ እንዳይመስላት። ከመንደር ወደ ችሎት የማይደርሰው ደግሞ ይበዛል፤ ሽማግሌዎች በከብት ይጨርሱታል። ስለዚህ ዕድሜ ልክ የሚለው መጽሐፉ ውስጥ በደህና ተቀምጧል።

ሱዳን የሠራ አንድ ጸሐፊ እዚህ ጓደኛዬ ነው። እነርሱ ዘንድ መድፈር እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ያስቀጣል ይለኛል። የመንደሩ ነገር ግን እዚያም ያው ነው አለኝ። ጣልያን ይገዛው በነበረው በሶማሌ በኩል ደግሞ የጣልያን ሕግ ነበር፤ እሱም ጋብቻ ከመጣ ክሱ ይቀራል የሚል ነው። አየህ፣ እኔ ጣልያንን ሸሽቼ ይህን ሁሉ በረሃ በእግሬ አቋርጬ፣ የአገሬን ሕግ ከጣልያን ሕግ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ አገኘሁት። ብቻዬን ሣቅሁ፤ ጓደኛዬ «ምን ነካህ?» አለኝ።

ግን ጸሐፊው ካነበበልህ ውስጥ አንድ ቃል አለ፤ እሱን አጥብቀህ ያዝ። «በነጻ ፈቃድዋ» ይላል። በአባትዋ ፈቃድ አይልም። በሽማግሌ ፈቃድ አይልም።

የተቀቀለው የቦዬ ሥር እንፋሎት ናፈቀኝ። እዚህ ከበቆሎ ዱቄት የሚያገነፉት አለ፤ ሆድ ይሞላል፣ ትዝታ ግን አይሞላም።

ስለ ድግሱ የጻፍኸውን አንብቤአለሁ።

ባዳቾ


ሶዶ፣ ኅዳር 30 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለጋሼ ባዳቾ፤

በሩቅ ሆነው ስለ እኛ የሚያስቡልንን እርስዎን እግዚአብሔር ያስብልን። ደብዳቤዎን በጸሎት ቤቱ አዲስ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አነበብሁት። ጎረቤቶቻችን ያው ሰው ናቸው ማለት ነው፤ ይህ አጽናናኝም፣ አሳዘነኝም።

ሽታዬ ቤት ናት። ፖሊስ ከመስቀል በኋላ አመጣት፤ ፍርድ ቤቱም ነገሩ በየካቲት እስኪሰማ ከእኔ ዘንድ ትቆይ አለ። በእናትዋ አልጋ ላይ ትተኛለች። ትምህርት ቤት አልሄደችም። ሳልነሣ ተነሥታ የሥራ ቤቴን ትጠርጋለች፤ መጋዙን፣ መሮውን፣ መላጊያውን በየቦታው ትሰቅላለች። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። በማዕድ ላይ ጸሎት አደርሳለሁ፤ አሜን ትላለች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ዝም ይላል። አስካለች ብትኖር በዚህ ዝምታ መካከል አንድ ነገር ጣል ታደርግ ነበር። «እናንተ ሁለታችሁ ጥርሳችሁን አበደራችሁት ወይ?» ትል ነበር።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልጻፍ። ለመስቀል ዋዜማ እናትዋ የሽታዬን ጠጉር ቅቤ ትቀባ ነበር። እናትዋ ከሞተች በኋላ እኔ በዚህ በሻከረው እጄ እቀባት ነበር፤ «አባዬ፣ እኔ ሳንቃ አይደለሁም፣ ቀስ!» ትለኝ ነበር። ዘንድሮ የአዲስ ዓመቱ የጊፋታ ጭፈራ በየሰፈሩ ሲሰማ፣ ልጆቹ ሁሉ ራሳቸው ሲያበራ፣ እሷ በሰው ቤት ታግታ ራስዋ ደርቆ ታየኝ። አላስቻለኝም። ከገበያ ለጋ ቅቤ ገዝቼ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ በአንዲት የተበላ ከተማ ጨው ነጋዴ እጅ ላክሁላት። ሌላ አሳብ አልነበረኝም።

ባለፈው ሳምንት የዳልጮ ሽማግሌዎች እንደገና መጡ። ያው የፊተኛው ሰውዬ፣
«ምነው ኤርካሎ፣ ክስ ክስ ትላለህ! ቅቤ ልከህ የለም ወይ?» አለኝ።
«ለልጄ ራስ ነው የላክሁት።»
«ለተሰረቀች ልጅ ቅቤ የሚልክ አባት በየት አገር አለ? ቅቤ የሚላከው ለተዳረች ነው። የልጁ እናት ጎረቤት ሰብስባ በፊታቸው ቀብታታለች፤ ልጅህም ራስዋን ዘንበል አድርጋ ተቀብታለች። ሰው ሁሉ መስክሮ የለም?»

በችሎት ይህንኑ ሊያስመሰክሩ ነው። አባት ቅቤ ላከ፣ ልጅ ተቀባች፣ ጋብቻ ሆነ ሊሉ። ልማዱን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ያን ዕለት የታየኝ ራስዋ ብቻ ነበር።

ወንድም ሶርሳ የምእመናኑ ሽማግሌ ናቸው፤ «ታረቅ፤ ሰላም ይበልጣል፤ ልጅቱም ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ይሉኛል። የችሎቱ ጸሐፊ ደግሞ «ክሱን እንዳትለቅ» ይለኛል። እኔ በሁለቱ መካከል ነኝ። ስጸልይ እንኳ ምን እንደምለምን አላውቅም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ይርዱኝ። የኬንያን ሕግ በእንግሊዝኛ አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ይላኩልኝ፤ ለዳኛው ላሳየው። እሱ ባይሆን ሽታዬን እርስዎ ዘንድ ልላክና ወሬው እስኪበርድ ትቀመጥ።

ታናሽዎ ኤርካሎ


ኢሲዮሎ፣ ጥር 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

ወንድሜ ኤርካሎ፤

ጌታ ልብህን ያሳርፈው። ፈጥኜ የምመልሰው ነገሩ ቀጠሮ ስላለው ነው።

የኬንያን ሕግ ማኅተም አስመትቼ ብልክ የሶዶ ዳኛ ምን ያደርገዋል? በአገሩ ሕግ ይፈርዳል እንጂ። ሽታዬንም ልላክልህ ትላለህ። እነ ጩማ ሳይጠይቁ ወደ ሁምቦ ወሰዱዋት፤ አሁን ደግሞ እኔና አንተ ሳንጠይቃት ወደ ኬንያ እንጥለፋት ወይ?

አትቀየመኝ። ሁለቱን ደብዳቤዎችህን እንደ ምስክር ቃል ደግሜ ደጋግሜ አነበብኋቸው፤ የሥራ ልማድ ነው። ሽማግሌው ያለው አለ። ጸሐፊው ያለው አለ። ወንድም ሶርሳ ያሉት አለ። አስካለች ብትኖር የምትለው እንኳ አለ፤ እሱም ደስ የሚል ነው። የልጅቱ ግን «አሜን» ብቻ ነው። ሽታዬ ምን አለች? በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነህ እኔን በበረሃ ማዶ ያለሁትን ትጠይቀኛለህ። እሷንስ ጠይቀሃታል?

የእትዬ ጥሩወርቅን ድግስ አንሥተህ ነበር። ያን ዕለት ሆዴን አልታመምሁም። ከሴቶቹ መካከል በጓዳ ተቀምጣ፣ ራስዋ በቅቤ ርሶ፣ በቀስታ ጠራችኝና «ባዳቾ፣ አባባ መጥቷል ወይ?» አለችኝ። የሚወስዳት መስሎኝ ደስ ብሎኝ «አዎን፣ ውጭ ነው!» አልኋት። «ምን ያደርጋል?» አለችኝ። «ይበላል» አልኋት። ከዚያ ፊትዋን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንተ ዘፈኑን ታስታውሳለህ፤ እኔ ያንን ጀርባዋን። እስክትሞት ድረስ ያን ነገር ያነሣባት ሰው አልነበረም። ጥሩ እናት ሆነች፣ ጥሩ ጎረቤት ሆነች፤ ሰውም «አየህ፣ ለመደችው» ይል ነበር።

የልጅነታችንን አገር እኔም እናፍቃለሁ፤ ከአንተ የበለጠ እንጂ ያነሰ አልናፍቅም። ግን ሁሉንም አይደለም።

ሂድና ጠይቃት። የሰማኸውን ጻፍልኝ፤ ባትጽፍልኝም ግድ የለም።

ባዳቾ


ሶዶ፣ መጋቢት 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለጋሼ ባዳቾ፤

በብዙ ምሕረቱ ለዚህ ያደረሰን ጌታ ስሙ ይክበር። ደብዳቤዎ ቀጠሮው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ገባ። አንብቤ ተቀየምሁዎ፤ እውነቴን ነው። ለሁለት ቀን ተቀየምሁ። ከዚያ ደግሜ አንብቤው አንገቴን ደፋሁ።

መጠየቅ እንዲህ ያስቸግራል አልልም ነበር። ፊት ለፊት ተቀምጬ አልቻልሁም። በመጨረሻ ረጅም ሳንቃ አነሣሁና «ነይ እስቲ ወዲያ ጫፉን ያዥልኝ» አልኋት። ያዘች። በመካከላችን ሳንቃው ነበረ፤ እሱ ረዳኝ።

«ሽታዬ።»
«አቤት አባዬ።»
«ያን ልጅ… ትፈልጊዋለሽ ወይ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለችኝ።

«አሁን ነው» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

«እዚያ በገባሁ ሰሞን ልሸሽ ሞክሬ ነበር። አንዴ ጅረቱ ድረስ ደርሼ መለሱኝ። እንደገና ለመስቀል፣ ሰው በጭፈራ ላይ ሳለ፣ አስቤ ነበር። የአክስቴ የብርነሽ ቤት በየት በኩል እንደ ሆነ ከከብት ጠባቂዎቹ አጣርቼ ነበር። ከዚያ ቅቤው መጣ።»

«የእኔ ቅቤ?»

«አስተሳሰርህን አወቅሁት። ሰው እንደሚያስረው አላሰርኸውም፤ እንደ ሳንቃ ነው ወጥረህ ያሰርኸው። በቃ አባዬ ሰጠኝ አልሁ። ሴትየዋ ነይ ራስሽን አዘንብዪ ስትለኝ አዘነበልሁላት። ከዚያ ወዲያ በሩ ክፍት ሆኖ እንኳ አልወጣሁም። ወዴት እወጣለሁ? ወደ ሰጠኝ ሰው?»

ሳንቃው ከእጄ አመለጠ። ጋሼ፣ እሷ ምን አለች መሰልዎ? «እግርህን መታህ ወይ?» አለችኝ።

«አልሰጠሁሽም» አልኋት። «አልሰጠሁሽም ልጄ። ራስሽ ደርቆ ታየኝ እንጂ።» እዚያው ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጥሁ። እሷም ተቀመጠች። አስካለች ከሞተች ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር።

ኋላ ተነሥታ ቀሚስዋን አራገፈችና «እንግዲያው ይህንኑ ለዳኛው ንገረው፤ የእኔን ደግሞ እኔ እነግረዋለሁ» አለችኝ።

በቀጠሮው ዕለት ሁምቦ በሙሉ የመጣ መሰለኝ። የዳልጮ ጠበቃ ተነሣና አባትዋ ቅቤ ልኳል፣ እሷም በሕዝብ ፊት ተቀብታለች፣ በአገሩ ልማድ ይህ ጋብቻ ነው፣ ጋብቻ ካለ ደግሞ ክስ የለም አለ። ቅቤውን ያደረሰችውን ነጋዴ ሳይቀር አስመሰከረ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረ።

«ቅቤውን ልከሃል?»
«ልኬአለሁ ጌታዬ።»
«ጋብቻውን ተቀብለህ ነው?»
«አይደለም። ያን ዕለት መስቀል ነበር፤ ልጄ ናት። ተሳስቻለሁ ቢሉኝ ተሳስቻለሁ። ፈቃድዋን ግን በእኔ ቅቤ አይመዝኑት። ያቻት፣ ቆማለች፤ ይጠይቋት።»

ከኋላዬ አንዱ «አባት መሆኑ ነው ይኼ?» ሲል ሰማሁ። ጥቂቶች ሣቁ። ዳኛው ዝም አሰኛቸውና ሽታዬን ጠራት።

«ይህን ሰው ባሌ ይሁን ብለሽ ትፈልጊያለሽ?»
«አልፈልግም።»
«ቅቤ ሲቀቡሽ ለምን ዝም አልሽ?»
«አባቴ የሰጠኝ መስሎኝ ነው።» ቀጥላም፣ «አባቴ ቢሰጠኝም ግን እኔ አልፈለግሁትም ነበር» አለች።

ዳኛው ያንን ጻፈ። በነጻ ፈቃድ የተደረገ ጋብቻ የለም አለ። ጩማ በጠለፋውም በመድፈሩም ተፈርዶበት ስድስት ዓመት ገባ። ደስ አለኝ ልል አልችልም። እናቱ መሬት ላይ ወድቃ ስትጮህ አየኋት፤ ከዚያ ወዲህ በጸሎቴ ለእሷም እማልዳለሁ። ወንድም ሶርሳ አሁንም በሙሉ ፊት ሰላም አይሉኝም። አንዳንድ ሥራ የሚያሠሩኝም ሰዎች ቀርተዋል፤ ይመለሱ ይሆናል።

ሌላ ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። «አባቴ ቢሰጠኝም» ያለችውን ይዤ እየዞርሁ ነው። እኔ አስካለችን ያገባሁት በደንቡ ነው፤ ሽማግሌ ልኬ፣ አባትዋ እሺ ብለው። ጠለፋ አይደለም፤ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በትዳራችን ዘመን ሁሉንም ነገር አማክሬአታለሁ፤ ስንት ሳንቃ ልግዛ፣ በጉን እንሽጠው ወይ፣ ዝናብ ይመጣል ወይ። ያንን አንዱን ግን፣ የመጣሽው ወደሽ ነው ወይ ብዬ፣ አንድ ቀን ጠይቄአት አላውቅም። መልሱ የታወቀ ይመስለኝ ነበር። አሁን አልጋዋ አጠገብ ስንበረከክ ይኸው ጥያቄ ከጸሎቴ ይቀድማል፤ የሚመልስልኝም የለም።

ከእርስዎ ከእንግዲህ ምንም አልለምንም። ደብዳቤ ብቻ አይቅርብኝ።

ታናሽዎ ኤርካሎ


ኢሲዮሎ፣ ሰኔ 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ወንድሜ ኤርካሎ፤

ሰላምህ እንደ ክረምት ውኃ ይብዛ። በሥራዬ የብዙ ሴቶችን ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው አሻግሬአለሁ። እንደ ሽታዬ ያለ አላጋጠመኝም። ለሱዳኑ ጓደኛዬ በእንግሊዝኛ ነገርሁት፤ «ድገምልኝ» አለኝ፤ ደገምሁለት።

ስለ አስካለች የጠየቅኸውን እኔ ልመልስልህ አልችልም። የማውቀውን ግን ልንገርህ። ከአገር ልወጣ ስል በቤታችሁ አልፌ ነበር፤ አንተ አልነበርህም። የገብስ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ። እኔም ልቀልድ ብዬ «ይህ ዝምተኛ አያሰለችሽም ወይ?» አልኋት። ሣቀችና «እሱ ዝም ይላል እንጂ ይሰማል። አባቴ ዘንድ ሁሉም ይናገር ነበር፤ የሚሰማ ግን አልነበረም» አለችኝ። ሌላ ምስክር የለኝም። አንተ እንደሚሆንህ መዝነው።

ባዳቾ


ሶዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለጋሼ ባዳቾ፤

በየዕለቱ በሚያድሰን በእግዚአብሔር ስም እንደምን ሰነበቱ? የላኩልኝን የአስካለችን ቃል ከስንት ጊዜ በኋላ እንደተገኘ የጠፋ ዕቃ ተቀበልሁት። ለሽታዬም አነበብሁላት። «እውነትዋን ነው፤ ብቻ ለመስማት ትዘገያለህ» አለችኝ። እንግዲህ ምን ይባላል!

ትምህርትዋን ጀምራለች፤ አምና ያመለጣትን ሰባተኛ ክፍል። መጀመሪያ ላይ መንገድ ላይ «ቅቤ! ቅቤ!» የሚሉዋት ነበሩ። አንድ ቀን ቆማ «አባትህ ለአንተም ይላክልህ!» ብላ የአንዱን አፍ አዘጋች አሉ። ያን የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው፤ እሷ አልነገረችኝም።

የምጽፍልዎ ባለፈው እሑድ ስለሆነው ነው። ከበዴሳ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ በደንቡ፣ አስቀድመው ልከው፣ ዱላቸውን ከበር አስቀምጠው። ለአንድ አስተማሪ ነው። ልጁን የሚያውቁት ሁሉ ጨዋ ነው ይላሉ። ሽታዬ ይህ ሁሉ እንደ ደረሰባት ያውቃል፤ እያወቀም ላካቸው። ጋሼ፣ ልቤ ዘለለ። ወንድም ሶርሳ «ማን ያገባታል» ያሉትን አሰብሁና እሺ የሚለው ቃል እስከ ምላሴ ጫፍ መጣ።

«እናንተ ጥቂት ተቀመጡ፤ ጠይቄ ልምጣ» አልሁ።
«ማንን?» አለ ታላቁ፤ ሽበታም፣ ደርባባ ሰው ነው።
«ልጅቱን።»
«በል እንጂ ኤርካሎ! አባትዋ አንተ፣ እናትዋ አንተ። ከጓዳ ማን አለህ?»
«እሷ አለች።»

ትንሹ ሽማግሌ «የመጣነው ከአባት ጋር ልንነጋገር ነበር፤ ለካ አባቱ ተላላኪ ኖሯል» ብሎ ወዲያ ዞረ። እኔ ተነሥቼ ገባሁ። መጽሐፍዋን ታጠና ነበር። የመጡትን፣ የላካቸውን፣ ያሉትን አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። አንዳች አሳብ አልጨመርሁበትም፤ መጨመር ግን እንዴት አምሮኝ ነበር!

መጽሐፍዋን ዘጋች። ከዚያ «ሰውየውን አላውቀውም። ስምንተኛን ልጨርስ። እስከዚያ የሚቆይ ከሆነ ራሱ ይምጣና አንተ ባለህበት ያነጋግረኝ። እሺም እምቢም ያን ጊዜ እላለሁ» አለችኝ።

«እንዲሁ ልበላቸው?»
«እንዲሁ በላቸው።»

ወጣሁና አንድ ቃል ሳልቀንስ እንዲሁ አልኋቸው። እንዴት እንዳፈርሁ፣ ደግሞ እንዴት ደስ እንዳለኝ በወረቀት አይገባም። ሁለቱ ተያይተው ዱላቸውን ለማንሣት ወደ በር ሄዱ። ታላቁ ግን ከአግዳሚው አልተነሣም።

«ቃልዋን ይዤለት እሄዳለሁ» አለኝ። «የሚቆይ ልጅ ነው።»

እስከ አጥሩ ሸኘሁት። እዚያ ሲደርስ ቆመ፤ የደከመው መስሎኝ ክንዱን ያዝሁት።

«ኤርካሎ፣ እኔ አምስት ሴት ልጆች ድሬአለሁ» አለኝ። «ሁሉንም በደንቡ ነው። አንድዋንም እንኳ…»

አልጨረሰውም። ባርኔጣውን አጠለቀና ጓደኞቹን ተከትሎ ቁልቁል ወረደ።

የሚወድዎ ኤርካሎ